የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አውሮፕላኖቹ ለምን ወደቁ?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በምሥራቅ አፍሪካ ስለደረሱ የአውሮፕላን አደጋዎችና ስለ መንስኤዎቻቸው የሚጠይቁ በመሆናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ አዲስ አበባም ሆነች ናይሮቢ ከባሕር ወለል እጅግ ከፍ ብለው የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። አንድ ወዳጄ በቀጠናችን የደረሱት አደጋዎች ዋና ምክንያት የአየሩ መሳሳት መሆኑን አስረግጦ ነግሮኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወዳጅዎ ያነሡት ነገር መሠረት ያለው ቢሆንም ድምዳሜው ግን የተቻኮለ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በመሆኑም አንድ ዓይነት ክብደት የጫነ አውሮፕላን ከዚህ ለመነሣት በባሕር ጠረፍ ካለ ማረፊያ ይልቅ 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መንደርደር ይኖርበታል፤ ሞተሮቹም የሚሰጡት ግፊት ይቀንሳል። አብራሪው በመሀል ሐሳቡን ለውጦ ልቁም ቢል ደግሞ ፍሬኑ ውጦ ማስቀረት ያለበት ጉልበት በሩብ ያህል ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው። የማረፊያው ከፍታ፣ የዕለቱ ሙቀትና የአውሮፕላኑ ክብደት ከእያንዳንዱ በረራ በፊት በስሌት ስለሚገቡ፣ አስፈላጊ ሲሆን ጭነት ይቀነሳል። በእኔ አስተያየት የከፍታው ጉዳት ሌላ ነው፤ በሌላ ቦታ የተፈጸመ ትንሽ ስሕተት ምናልባት ሳይታወቅ ሊያልፍበት ይችል የነበረውን ትርፍ ርቀትና ትርፍ ኃይል አስቀድሞ ይበላዋል። ይህንንም በ2 ዓመት ከ7 ወር ልዩነት በአዲስ አበባና በናይሮቢ የደረሱት ሁለት አደጋዎች በግልጽ ያሳያሉ።

ሚያዝያ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ የነበረ ቪሲ10 አውሮፕላን ከናይሮቢ መጥቶ ቦሌ ካረፈ በኋላ ወደ ሮም፣ ከዚያም ወደ ለንደን ለመቀጠል ተነሣ። ከመንደርደሩ በፊት አብራሪዎቹ በማኮብኮቢያው ላይ የሞቱ ወፎች ስላዩ እንዲነሡላቸው ጠይቀው ነበር፤ ወፎቹም ተነሡ። ሳይታይ የቀረው ከአንዲት አነስተኛ የሴስና አውሮፕላን ወድቆ የነበረ የብረት ቁራጭ ነው። ቪሲ10ሩ በፍጥነት ላይ ሳለ የፊት ጎማው በብረቱ ላይ ሲያልፍ ፈነዳ፤ ካፒቴኑም በረራውን አቋርጦ ለመቆም ወሰነ። አውሮፕላኑ ግን ሊቆም አልቻለም፤ ከማኮብኮቢያው መጨረሻ አልፎ ቁልቁል በመውደቅ ተሰባበረና በእሳት ተያያዘ። ከተሳፈሩት 107 ሰዎች 43ቱ ሞቱ። ወሬው የሚያስታውሰው የፈነዳውን ጎማ ቢሆንም፣ መርማሪዎቹ በመንስኤነት ያስቀመጡት የፍሬኑን አንድ ክፍል ነው። ይህ ክፍል ቀደም ሲል ተፈትቶ ሲገጠም በተሳሳተ መንገድ በመገጠሙ የማቆም ኃይሉ በከፊል ጠፍቶ ነበር። ጎማው ባይፈነዳ ኖሮ የፍሬኑ ጉድለት በዚያ ቀን ባልታወቀ ነበር፤ ፍሬኑ ሙሉ ኃይሉን ቢሰጥ ኖሮ ደግሞ የጎማው መፈንዳት ይህን ያህል እልቂት ባላስከተለ ነበር።

ሁለተኛው ኅዳር 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የደረሰው ነው። የሉፍታንዛ ንብረት የሆነ ቦይንግ 747 ከተነሣ በኋላ ከፍታ መጨመር አቅቶት ከማኮብኮቢያው መጨረሻ ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ ወደቀ፤ ከ157 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 59ኙ ሕይወታቸውን አጡ። 747 አገልግሎት መስጠት ከጀመረ ወዲህ ሰው የሞተበት የመጀመሪያው መከስከስ ይህ ነበር። በክንፎቹ የፊት ጠርዝ ላይ ለመነሣትና ለማረፍ የሚዘረጉ ክፍሎች አሉ፤ እነዚህ የሚንቀሳቀሱት ከሞተሮቹ በሚመጣ የታመቀ አየር ነው። በዚያ ጠዋት አየሩን የሚያሳልፉት ቫልቮች ተዘግተው ስለነበር ክፍሎቹ አልተዘረጉም። የኋላዎቹ ክፍሎች ግን በትክክል በመዘርጋታቸው ሁሉም ነገር የተሟላ መሰለ፤ አውሮፕላኑም ጉድለቱን ለአብራሪዎቹ በበቂ ሁኔታ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አልነበረውም። ናይሮቢ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ክንፉ ከመሬት ለመላቀቅ ያህል ቢያነሣም ከዚያ በላይ ለመውጣት የሚያስችል ትርፍ ኃይል አልነበረም። ከአደጋው በኋላ በ747 አውሮፕላኖች ላይ የፊት ጠርዙ አለመዘርጋቱን ከመነሣት በፊት የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያ ተጨመረ።

ከቀጠናው መልክዐ ምድር ጋር በቀጥታ የተያያዘው ሌላው የአደጋ ዓይነት ግን ከአየሩ መሳሳት ይልቅ ከተራራና ከደመና ጋር የተገናኘ ነው። ሞተሩም ክንፉም ጤነኛ የሆነ አውሮፕላን በአብራሪው ቁጥጥር ሥር እንዳለ በደመና ከተሸፈነ ገደል ጋር ይላተማል። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የአሜሪካውን የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎችን ይዞ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች መጠለያ ይጓዝ የነበረው አነስተኛ አውሮፕላን በመጥፎ አየር ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ሁሉም አለቁ፤ ስብርባሪው የተገኘው ከብዙ ቀናት ፍለጋ በኋላ ነው። በኬንያም ሚያዝያ 2 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሰላም ውይይት የሚጓዙ ፖለቲከኞችን የያዘ የጦር ኃይሉ አውሮፕላን ማርሳቢት አጠገብ ከኮረብታ ጋር ተላትሞ 14 ሰዎች ሞተዋል። ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ሴስና ካራቫን በአበርዴር ተራሮች ላይ ወድቆ የነበሩት 10 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። እንግዲህ ወዳጅዎ ከፍታን መውቀስ ከፈለጉ ከማኮብኮቢያው ይልቅ በዙሪያው ያሉትን ተራሮች ቢወቅሱ የተሻለ ማስረጃ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የደረሰውን አደጋ ርግቦች አደረሱት ሲባል ሰምቼ ማመን አቃተኝ። ያንን የሚያህል ብረት ወፍ እንዴት ይጥለዋል?

መልስ፦ ይጥለዋል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ለመብረር ሲነሣ ከርግቦች መንጋ ጋር ተገናኘ፤ ወፎቹም ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ። ባሕር ዳር ሲባል ብዙ ሰው የጣና ሐይቅን ትላልቅ የውኃ ወፎች ያስባል፤ አደጋውን ያደረሱት ግን በየገደሉና በየሕንፃው ጣሪያ የምናያቸው ክንፋቸው ነጠብጣብ ያለበት ርግቦች ናቸው። አንደኛው ሞተር ወዲያውኑ ኃይሉን አጣ፤ ሁለተኛው ደግሞ አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ በመዞር ላይ ሳሉ ቆመ። አውሮፕላኑ እግሮቹን ሳይዘረጋ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሲሞቱ ስድስቱም የበረራ ሠራተኞች ተርፈዋል።

ጉዳዩ የወፏ ክብደት ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ በሚነሣበት ፍጥነት ከግማሽ ኪሎ የማትበልጥ ወፍ በምትመታበት ቅጽበት እንደ ድንጋይ ትሆናለች፤ በሞተሩ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከሩትን ምላጮች ታጣምማለች ወይም ትሰብራለች። የተጣመመ ምላጭ አየሩን በትክክል ማመቅ ስለማይችል የአየሩ ፍሰት ይናጋል፤ ሞተሩም ይታፈናል። አንድ ሞተር ቢጠፋ አውሮፕላኑ በቀሪው መብረር እንዲችል ተደርጎ ይሠራል። ይህ ጥበቃ ግን ሁለቱ ሞተሮች በአንድ ጊዜ በአንድ ምክንያት አይጎዱም በሚል ግምት ላይ የቆመ ሲሆን፣ መንጋ ደግሞ ይህንን ግምት ያፈርሰዋል። ለዚህ ነው የማረፊያ ኃላፊዎች የሣሩን ቁመት፣ በአቅራቢያው ያለውን የቆሻሻ መጣያና የውኃ ኩሬ ሳይቀር የበረራ ደኅንነት ጉዳይ አድርገው የሚቆጣጠሩት።

ጥያቄ፦ የምርመራ ሪፖርቶች «ሊሆን የሚችል መንስኤ» የሚል ለዘብ ያለ አነጋገር የሚጠቀሙት ለምንድን ነው? በበረራ ቁጥር 302 ጉዳይስ መርማሪዎች ለምን ተለያዩ?

መልስ፦ አነጋገሩ ከፍርሃት የመጣ አይደለም። ሐረጉ በተለይ በአሜሪካ የብሔራዊ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ አሠራር የተለመደ ነው። በ1937 ዓ.ም. የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት 13ኛ አባሪ እንደሚደነግገው የአደጋ ምርመራ ብቸኛ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደገም መከላከል ነው፤ ጥፋተኛን መለየትም ሆነ ካሣን መወሰን የፍርድ ቤት ሥራ ነው። መርማሪው የሚጽፈው በማስረጃ ሚዛን አመዛኙን ነው፤ አዲስ ማስረጃ ከተገኘ ምርመራው እንደገና ሊከፈት ይችላል። ምርመራውን የሚመራው አደጋው የደረሰበት አገር ሲሆን አውሮፕላኑን የነደፈውና የሠራው አገርም ይሳተፋል፤ የማይስማማበት ነገር ካለም አስተያየቱ ከሪፖርቱ ጋር እንዲያያዝለት መጠየቅ ይችላል።

የበረራ ቁጥር 302 የተባለው፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከመሬት በተላቀቀ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በግራ በኩል ያለው፣ የክንፉን አቀማመጥ ከሚመጣው አየር አንጻር የሚለካው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ማንበብ ጀመረ፤ በቀኝ ያለው ግን 15 ዲግሪ ገደማ ያነብ ነበር። ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓት ደግሞ የሚያምነው አንዱን ሴንሰር ብቻ ነበር። በዚህ የሐሰት ንባብ ምክንያት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ የጅራቱን አግድም ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን የኤሌክትሪክ ማስተካከያ በታዘዘው መሠረት አጠፉት፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ እጅግ ፈጥኖ ስለነበር በዚሁ ክንፍ ላይ ያረፈው የአየር ግፊት ክንፉን በእጅ የሚያስተካክሉበትን መዘውር ማዞርን ከለከለ። ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስ እንደገና ሠራ። ከዚህ በፊት ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር አውሮፕላን በዚሁ ሥርዓት ምክንያት በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

እስከዚህ ድረስ በመሠረቱ ሁሉም ይስማማል። ልዩነቱ የተነሣው ሴንሰሩን ምን አበላሸው በሚለውና በአብራሪዎቹ ድርሻ ላይ ነው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት ብልሽቱን ከአውሮፕላኑ የማምረት ሂደትና ከኤሌክትሪክ ጉድለት ጋር ሲያያይዘው፣ የአሜሪካው ቦርድ ሴንሰሩን የመታው ወፍ መሆኑ ይበልጥ እንደሚያመዝን ገልጿል። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በተጨማሪ የሞተሩ ኃይል ለመነሣት በተቀመጠበት መጠን መቆየቱና ሌሎች የአብራሪ ተግባራት በመንስኤው ውስጥ ሊጠቀሱ ይገባ ነበር ብለዋል።

የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ፣ በወፉ ላይ የተደረገው ክርክር ከሚገባው በላይ ትኩረት ስቧል። ሴንሰር በወፍም ሆነ በሽቦ ይበላሻል፤ በየዓመቱም በየማረፊያው ይበላሻል። የሚያስደነግጠው የአንድ ሴንሰር መበላሸት ብቻውን አውሮፕላኑን ወደ መሬት መግፋት የሚችልበት ንድፍ ፈቃድ ማግኘቱና አብራሪዎች ስለ ሥርዓቱ ከላየን ኤር አደጋ በፊት በመመሪያቸው ውስጥ ሳይነገራቸው መቆየቱ ነው። ማክስ ከዓለም ሰማይ ታግዶ በአሜሪካ እንደገና የተፈቀደው በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ የታረመው ኤምካስ አሁን ሁለቱን ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ ሲለያዩም ራሱን ያቆማል።

ጥያቄ፦ አስተናጋጆች የሕይወት አድን ጃኬቱን «ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ አትንፉ» የሚሉት ለምንድን ነው? አስቀድሞ መንፋቱ ጊዜ አይቆጥብም?

መልስ፦ የዚህ መልስ በኮሞሮስ ተጽፏል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ሦስት ጠላፊዎች ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረን ቦይንግ 767 ወደ አውስትራሊያ እንዲሄድ አስገደዱ፤ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነገራቸውም አላመኑም። ሁለቱም ሞተሮች ነዳጅ አልቆባቸው ሲጠፉ ካፒቴን ልዑል አባተ አውሮፕላኑን በታላቁ ኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ውኃ ላይ አሳረፉት። የግራ ክንፉ ቀድሞ ውኃውን ሲነካ አውሮፕላኑ ተሰባበረ፤ ከ175 ሰዎች 50ዎቹ ተረፉ። ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ምት ተቋቁመው ነበር፤ ጃኬታቸውን ግን ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ነበር። ውኃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ባለቤቱን ወደ ጣሪያው ያነሣዋል፤ መውጫው በር ግን ከውኃው በታች ሆኗል። ወደ በሩ ለመድረስ መጥለቅ ያስፈልጋል፤ የተነፋ ጃኬት የለበሰ ሰው ደግሞ መጥለቅ አይችልም።