ሰንሰለቱን የት ልሰረው?

ጥያቄ፦ ትንሽ ትራክተር አለኝ። ግንድ ስጎትት ሰንሰለቱን ከላይኛው ማያያዣ ላይ ባስረው ግንዱ ቀና ብሎ የሚቀለኝ ይመስለኛል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው ወንድሜ፣ እባክህ ተው! ከኋላው አክስል (የኋላ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ዘንግ) በላይ አስረህ ስትጎትት ትራክተሩ የፊት ጎማውን አንስቶ ወደ ኋላ ሊገለበጥብህ ይችላል። ለመዝለል እንኳ ጊዜ አታገኝም። እኔ አንድ ጠዋት እርጥብ ግንድ ስጎትት የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሱ። ፍሪሲዮን ረግጬ ተረፍኩ። እጄ እስከ ምሳ ሰዓት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰንሰለቱን ሁልጊዜ ከታች ካለው መጎተቻ ላይ እሰር። መጀመሪያ ቀስ ብለህ ወጥረው፣ ከዚያ ሳብ። ሰው አጠገቡ አይቁም፤ ሰንሰለት ከተበጠሰ ክፉ ነው።

ለማረሻው ግን ከትራክተሩ ኋላ ያሉትን ሦስቱንም ክንዶች፣ ማለትም የላይኛውን ማያያዣና ሁለቱን የታችኞቹን፣ ተጠቀም። በትንንሽ ትራክተሮች የታችኞቹ ክንዶች ማያያዣ ፒኖች ብዙውን ጊዜ 22 ሚሊ ሜትር ናቸው። ቢጠፉብህ በቀጭን ብሎን አትተካቸው።