ፍየሉን ተዉት፦ የቤዝቦል ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ቤዝቦል ምኑም አይገባኝም የሚል አበሻ ዋሽንግተን አካባቢ ድሮ ብዙ ነበር። አሁን እዚህ የተወለዱት ልጆች እናት አባታቸውን እየጎተቱ ሜዳ ወስደዋቸዋል። እናት አባትም አንዴ ከለመዱ ወዲያ ጥያቄያቸው ማለቂያ የለውም። ከደረሱኝ ውስጥ ስድስቱን መርጬ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቺካጎው ፍየል ታሪክ እውነት ነው? ልጄ በእርግማን ማመን ጀምሯል፤ እኔም ሳላስበው እያመንኩ ነው። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ፍየሉስ እውነት ነው። በ1945 ዊልያም ሲያኒስ የሚባል ከግሪክ የመጣ የመጠጥ ቤት ባለቤት፣ ቺካጎ ከብስ ከዲትሮይት ታይገርስ ጋር ወርልድ ሲሪስ (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን የሚወስድበትን የዓመቱን የመጨረሻ ፍልሚያ) ሲጫወት መርፊ የተባለ ፍየሉን ይዞ የከብስ ሜዳ ሪግሊ ፊልድ ገባ። ፍየሉ ይሸታል ተብሎ ባለቤቱም ፍየሉም ተባረሩ። ሰውየው ተናዶ «ከእንግዲህ አታሸንፉም!» ብሎ ረገመ ይባላል። ከብስም ተሸነፈ። እስከ 2016 ድረስም የወርልድ ሲሪስን ደጃፍ አልረገጠም።

አሁን ልጅህን አስቀምጥና አብራችሁ ቁጠሩ። ከብስ ከዚያ በፊት ዋንጫ ያነሳው በ1908 ነው፤ አጼ ምኒልክ ገና ዙፋን ላይ እያሉ ማለት ነው። ከ1908 እስከ 1945 ድረስ 37 ዓመት ነው። ፍየሉ ሳይወለድ ማን ረገማቸው?

የእኔን እምነት ልንገርህ፤ እርግማን የሚሉት ነገር የጥፋት መሸፈኛ ነው። በ2003 ከብስ ፍሎሪዳ ማርሊንስን 3 ለ 0 እየመራ ወርልድ ሲሪስ ለመግባት አምስት አውት ብቻ (አምስት የተቃራኒ ተጫዋች ማስወጣት ማለት ነው) ቀርቶት ነበር። ወደ ተመልካቹ የሄደችን ኳስ አንድ ደጋፊ እጁን ዘርግቶ ነካት፤ ሊይዛት የዘለለው ተጫዋችም ሳያገኛት ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጣችለትን ቀላል የመሬት ኳስ አሌክስ ጎንዛሌዝ ከጓንቱ አመለጠችው፤ በዚያው ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድን በተራ የሚመቱበት ዙር፤ ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው) ስምንት ሰው ቤዞቹን ዞሮ ገባባቸው፤ ስምንት ጎል እንደማለት ነው። አገሩ ሁሉ የተነሳው ግን በምስኪኑ ደጋፊ ላይ ነው። ሰውየው በጥበቃ ታጅቦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያም አደባባይ መታየት ተወ። ኳሷን የጣለው ተጫዋች እሱ አልነበረም፣ ስምንቱን ያስገባውም እሱ አልነበረም። ክለቡ ከ2016ቱ ድል በኋላ የሻምፒዮንነት ቀለበት ሰጠው። አሥራ አራት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ደግ አደረገ።

ቦስተንን ደግሞ ተመልከት። ሬድ ሶክስ በ1918 ካሸነፈ በኋላ ዝነኛውን መቺ ቤብ ሩትን ለኒው ዮርክ ያንኪስ ሸጠ፤ ከዚያ እስከ 2004 ድረስ 86 ዓመት ዋንጫ አጣ። «የሩት እርግማን ነው» ተባለ። በ1945፣ ኋላ በትልልቆቹ ሊጎች ለጥቁሮች በር የከፈተው ጃኪ ሮቢንሰን ለሙከራ የሬድ ሶክስ ሜዳ ፌንዌይ ፓርክ መጥቶ ዱላውን ይዞ ኳስ ሲመታ ዓይናቸው አይቷል። ጥቁር ስለሆነ አልፈለጉትም። ሬድ ሶክስ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1959 ነው፤ ከክለቦቹ ሁሉ መጨረሻ፣ ሮቢንሰን ለዶጀርስ መጫወት ከጀመረ ከ12 ዓመት በኋላ። ምርጥ ተጫዋች በር ላይ መልሰህ ስታበቃ በሞተ ሰው ላይ ማላከክ ደስ አይልም። በመሃሉ አራት ጊዜ ወርልድ ሲሪስ ገብተው አራቱንም በሰባተኛው ጨዋታ ተሸንፈዋል፤ አንድ ጥሩ መቺ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አንተው ገምት።

ለልጅህ የመጨረሻውን ማስረጃ ልስጠው። በ2004 የሬድ ሶክስ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ቲዮ ኤፕስታይን ነው። በ2016 ከብስን ይመራ የነበረውም ራሱ ኤፕስታይን። ሁለቱንም «እርግማን» የፈታው አንድ ሰው ነው፤ ጸበልም ድግምትም አልያዘም፤ ተጫዋች መምረጥ ያውቅበት ነበር።

እንዲህ ስል ግን የ2016ቱን ሰባተኛ ጨዋታ ያየሁ ዕለት እኔም ትንሽ ተጠራጥሬያለሁ። ከብስ 6 ለ 3 ይመራል፣ አራት አውት ቀርቷል፤ የክሊቭላንዱ ራጃይ ዴቪስ ሆም ረን (ከአጥሩ የሚሻገር ምት) መትቶ 6 ለ 6 አደረገው። ዘጠነኛው ኢኒንግ አለቀ፤ ዝናብ መጣ። ሜዳው ለ17 ደቂቃ በሸራ ተሸፈነ። የከብሱ ጄሰን ሄይዋርድ ጓደኞቹን የክብደት ማንሻ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ አበረታታቸው። ተመልሰው 8 ለ 7 አሸነፉ። ከ108 ዓመት በኋላ።

ጥያቄ፦ የዋንጫ ድርቅ አሁን በማን ላይ ነው የጸናው? (ከዴንቨር)

በዚያችው ሌሊት በተሸነፈችው በክሊቭላንድ። የመጨረሻ ዋንጫዋ የ1948 ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኛ እዚህ የአርሴናል ደጋፊዎች ከ2004 ጀምሮ ሊጉን ስንጠብቅ ሃያ ዓመት አልፎናል፤ ስለዚህ መጠበቅን አታስተምረንም። የማይገባኝ ሰንጠረዣቸው ነው። ነጥብ የለውም፤ «ግማሽ ጨዋታ» የሚል ግን አየሁ። ግማሽ ጨዋታ እንዴት ይሆናል? ፔናንት የሚሉትስ ምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ)

ከኋላው ልጀምር። ፔናንት ጫፏ የሾለ ባንዲራ ናት። የአሜሪካን ሊግና የናሽናል ሊግ አሸናፊዎች እያንዳንዳቸው ፔናንት አገኙ ይባላል፤ ከዚያ ሁለቱ በወርልድ ሲሪስ ይገናኛሉ።

ቤዝቦል እኩል ለእኩል መለያየት እምብዛም የማይታወቅበት ጨዋታ ስለሆነ ነጥብ አያስፈልገውም፤ ያሸነፍከውና የተሸነፍከው ይቆጠራል። ልዩነቱ የሚሰላው እንዲህ ነው። መሪው 90 አሸንፎ 60 ተሸንፏል፤ ተከታዩ 87 አሸንፎ 63 ተሸንፏል። በማሸነፍ በ3 ይበልጠዋል፣ በሽንፈትም በ3 ይሻለዋል። ደምርና ለሁለት ክፈል፤ ሦስት ጨዋታ። አሁን መሪው ዛሬ እረፍት ሆኖ ተከታዩ ተጫውቶ አሸነፈ እንበል፤ 88 ለ 63 ሆነ። ሁለት ሲደመር ሦስት አምስት፣ ለሁለት ሲካፈል ሁለት ተኩል። ግማሿ የመጣችው አንዱ ከሌላው አንድ ጨዋታ ስላስበለጠ ነው።

እስከ 1968 ድረስ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረግ ጥሎ ማለፍ) የሚባል ነገር በደንቡ አልነበረም። ሊጉን የጨረሰ አንደኛ ፔናንቱን ወስዶ በቀጥታ ወርልድ ሲሪስ ይገባ ነበር፤ ሁለተኛ የወጣ ሻንጣውን ይሸክፋል። አሁን 12 ቡድን ፕሌይኦፍ ስለሚገባ የፉክክሩ መዓዛ ቀንሷል እላለሁ፤ ልጆቼ ደግሞ አርጅተሃል ይሉኛል።

የድሮውን ጭንቀት ለማወቅ የፊላዴልፊያን ሰው የ1964ቱን ጠይቅ። ፊሊስ 12 ጨዋታ ቀርቶት በ6 ጨዋታ ተኩል ይመራል። የወርልድ ሲሪስ ትኬት ሁሉ ተዘጋጅቷል። ከዚያ አሥር ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ። አሠልጣኙ ጂን ማውክ ደንግጦ ሁለቱን ምርጥ ወርዋሪዎቹን፣ ጂም ባኒንግንና ክሪስ ሾርትን፣ በቂ እረፍት ሳይሰጥ ደጋግሞ አሰለፋቸው። የደከመ ክንድ ሜዳ ላይ ይታወቃል። ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ፔናንቱን በአንድ ጨዋታ ልዩነት ወሰደ። ይኸም እርግማን ተብሏል፤ እኔ የድካም ሒሳብ ነው የምለው።

ተቃራኒውን ያየነው በ2025 ነው። ክሊቭላንድ ጁላይ ላይ ከዲትሮይት በ15 ጨዋታ ተኩል ተበልጦ ነበር፤ ምድቡን አሸነፈ። ይህን ያህል ልዩነት አጥብቦ አንደኛ የወጣ ከዚያ በፊት አልነበረም። ታዲያ ፕሌይኦፍ ላይ መልሶ ያባረረው ያው ዲትሮይት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሲያትል ኤርፖርት ታክሲ ስነዳ 24 ዓመቴ ነው። ሬዲዮ ላይ ያደመጥኩት የማሪነርስ ሽንፈት ተቆጥሮ አያልቅም። ወርልድ ሲሪስ ሲገቡ አያለሁ? (ከሲያትል)

ሥራ በጀመርክበት ጊዜ 116 ጨዋታ ያሸነፈውን የ2001ዱን ቡድን ደርሰህበት ይሆናል። በአንድ ውድድር ዘመን ከዚያ በላይ ያሸነፈ የለም፤ የተስተካከለው የ1906ቱ ከብስ ብቻ ነው። ያም ቡድን በያንኪስ ተሸነፈ። ከዚያ 21 ዓመት ፕሌይኦፍ እንኳን አልታየም። በ2022 ካል ራሊ በዘጠነኛው ኢኒንግ ኦክላንድ ላይ ሆም ረን መትቶ ድርቁን ሲሰብር መንገድ ዳር ቆመህ ያለቀስክ ይመስለኛል።

2025ን ማንሳት ቁስልህን መነካካት ነው፤ ግን ጠይቀሃል። ያው ራሊ 60 ሆም ረን መታ። ዲትሮይትን በ15 ኢኒንግ 3 ለ 2 አሰናበቱ። ቶሮንቶ ላይ በሰባተኛው ጨዋታ ሰባተኛው ኢኒንግ 3 ለ 1 እየመሩ፣ ወርልድ ሲሪስ ስምንት አውት ሲቀረው፣ የቶሮንቶው ጆርጅ ስፕሪንገር ሁለት ሰው ቤዝ ላይ ቆሞ ኳሷን ከአጥሩ አሻገራት። 4 ለ 3። ከ30ዎቹ ክለቦች ወርልድ ሲሪስን ረግጦ የማያውቀው አሁንም ማሪነርስ ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ብለው ይቀልዱባችኋል፤ ይህችኛዋ ላም ግን አጥር ድረስ መጥታ ነበር። ታያለህ ባይ ነኝ። ታክሲውን ግን ለዚያ ብለህ አታቁም።

ጥያቄ፦ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ክትፎ ስበላ አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ «ዋሽንግተን ዋንጫ የወሰደችው እዚህ አጠገብ ነው» አሉኝ። ቀልዳቸውን ነው? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

ቀልድ አይደለም። ከበላህበት ተነስተህ በእግርህ ጥቂት ደቂቃ ስትሄድ የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ታገኛለህ። ሆስፒታሉ የቆመበት ቦታ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። በ1924 የዋሽንግተኑ ሴናተርስ ከኒው ዮርክ ጃያንትስ ጋር ሰባተኛውን ጨዋታ እዚያ ተጫወተ። ታላቁ ወርዋሪ ዋልተር ጆንሰን በዘጠነኛው ኢኒንግ ተቀይሮ ገብቶ አራት ኢኒንግ አንድም ሰው ሳያስገባ ያዘ። በ12ኛው ኤርል ማክኒሊ ተራ የመሬት ኳስ መታ። ኳሷ ጠጠር ሳትመታ አልቀረችም፣ ነጥራ በጃያንትሱ ፍሬድ ሊንድስትሮም ራስ ላይ አለፈች። በስምንተኛውም ኢኒንግ በዚያው ልጅ ራስ ላይ አንዷ እንዲሁ አልፋ ነበር! 4 ለ 3 አለቀ። በኋላ በዚሁ ስታዲየም የጥቁሮቹ ሊግ ኃያል ሆምስቴድ ግሬይስ ተጫውቷል፤ ትልልቆቹ ሊጎች በር ዘግተውባቸው እዚሁ ሰፈር ሆም ረን ይዘንብ ነበር።

ከተማዋ ከዚያ ሁለት ጊዜ ቡድኗን ተነጠቀች፤ አንዱ ወደ ሚኔሶታ፣ ሌላው ከ1971 በኋላ ወደ ቴክሳስ ሄደ። ናሽናልስ በ2005 ከሞንትሪያል መጣ። የ2019ኙን ሰባተኛ ጨዋታ እኔም ያየሁት እዚያው ጎዳና ላይ ነው። ያ ቡድን ዓመቱን 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር የጀመረው። ሂውስተን ላይ 2 ለ 1 እየተመራን ሃዊ ኬንድሪክ መታ፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ሄደች፣ ቢጫው ምሰሶ ላይ ጓ! አለች። የቡና ሲኒ ሁሉ ተንጫጫ። ከጎኔ የነበረው ሰው እግር ኳስ እንጂ ሌላ አያውቅም፤ «ምሰሶ ከነካ ጎል አይደለም እኮ» ብሎ ተከራከረኝ። ቤዝቦል ላይ ነው። ምሰሶው ውስጥ ነው የሚቆጠረው። 6 ለ 2 አሸነፍን፤ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ሆነ፤ በወርልድ ሲሪስ እንዲህ ያለ ነገር የመጀመሪያው ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የ11 ዓመት ልጄ ቡድኑ ማሸነፍ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ካልሲውን አላሳጥብም አለኝ። «ገዴ ነው» ይላል። ሐኪም ጋ ልውሰደው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እኅቴ፣ ልጅሽ ጤነኛ ነው፤ የሚሸተው ካልሲው ነው። ገድ ያልያዘው የቤዝቦል ተጫዋች ብትፈልጊ አታገኚም። ዌድ ቦግስ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ዶሮ ካልበላ አይጫወትም ነበር፤ የአገራችን ሴቶች ቢሰሙ በየቀኑ ዶሮ ወጥ ማን ይሠራለታል ይሉ ነበር። ለመምታት ሲቆምም በዱላው አፈሩ ላይ የዕብራይስጥ ቃል ይጽፋል፤ «ሐይ» የምትል፣ ከእኛው «ሕያው» ጋር የአንድ ሥር ልጅ። ይሁዲ ግን አልነበረም። ከ3,000 በላይ ጊዜ መትቶ ቤዝ ደርሷልና ማን ይከራከረዋል። ተርክ ዌንዴል ደግሞ በየኢኒንጉ መሃል ጥርሱን ይቦርሽ ነበር፤ የሜዳውን መስመርም ረግጦ አያልፍም፣ ይዘላል። የዲትሮይቱ ማርክ ፊድሪች በ1976 ኳሷን እያናገረ፣ ተንበርክኮ አፈሩን በመዳፉ እየደለደለ 19 ጨዋታ አሸነፈ።

ኖማር ጋርሲያፓራ ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት የሁለቱን ጓንቶቹን ማሰሪያ እየፈታ እያሰረ፣ የጫማውን ጫፍ እየነካካ ሰው ያደክም ነበር። ያ ዛሬ አይሆንም። ከ2023 ጀምሮ ሰዓት ተተክሏል፤ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ ወርዋሪው 15 ሰከንድ ብቻ አለው፣ መቺውም ስምንት ሰከንድ ሲቀር ዝግጁ ሆኖ መቆም አለበት። ጨዋታው በአማካይ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ባነሰ አጠረ። እኔ ደስ ብሎኛል፤ የኖማርን ግን እናፍቃለሁ።

ካልሲውን ሌሊት ተኝቶ ሳለ እጠቢውና ከተነሳበት ቦታ መልሺው፤ እንዳይነቃብሽ ሽታ ያለው ሳሙና አትጠቀሚ። ቅዳሜ ከተሸነፉ እኔ ነኝ የነገርኩሽ እንዳትዪ።