ቅንቅን ለማጥፋት የተቀባው ጎጆ ጫጩቶቹን ጎድቶ ይሆን?

ጥያቄ፦ «ቡሬ አካባቢ ነኝ። ዶሮዬ 14 እንቁላል ታቅፋ 4 ብቻ ፈለፈለች። የቀሩትን ስሰብራቸው ሁለቱ ምንቃራቸው የተጣመመ፣ እግራቸው ያጠረ ጫጩቶች ሆነው አገኘኋቸው። ቅንቅን ስላስቸገረኝ ከማስታቀፌ በፊት ማላታይን የሚባለውን የተባይ መርዝ በላምባ በጥብጬ ቅርጫቱን ቀብቼው ነበር። ጎረቤቶቼ መብረቅ ነው ይላሉ። ምን ይሆን?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሰብረው ማየትዎ በጣም ጠቅሞናል። ብዙ ሰው ያልተፈለፈለውን ሳያይ ይጥለዋል።

እኔ የምጠረጥረው ቅርጫቱን ነው። የእንቁላል ቅርፊት ድፍን ይመስላል እንጂ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ፅንሱ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ላምባ ሲነካቸው ቀዳዳውን ሊደፍን ይችላል፤ ዘልቆ ከገባም ፅንሱን ሊጎዳው ይችላል።  ማላታይኑ ደግሞ ላምባው ውስጥ ስለሚሟሟ አብሮት ይገባል። ማላታይን እንቁላል ውስጥ ሲገባ የፅንሱን እግር ያሳጥራል፣ ምንቃርና አንገት ያጣምማል። እርስዎ ያዩት ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ጊዜውም ክፉ ነበር። የፅንሱ ልብ መምታት የሚጀምረው በ2ኛው ቀን ገደማ ነው። እግርና ምንቃሩ መልክ የሚይዙትም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ጎጆው ገና ከመነሻው የተቀባ ስለሆነ መርዙ ፅንሱን ያገኘው አካሉ በሚሠራበት ሰዓት ነው።

እናቲቱ ማንጋኒዝ የሚባለው ማዕድን ካነሳትም እንዲህ ያለ ጫጩት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልምልም። ግን ይቺው ዶሮ ባለፈው ዙር ደህና ፈልፍላ ከነበረ፣ አዲሱ ነገር ቅባቱ ነው።

መብረቁን ይተዉት። ነጎድጓድ ምንቃር አያጣምምም። ዶሮዋ ደንግጣ ለረጅም ሰዓት ከጎጆዋ ከራቀች ግን እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ለመብላትና ለመጠጣት ትንሽ ብትነሳ ምንም አይደለም። ፅንሱ የሚፈልገው ሙቀት 37.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ መሞቅ ለአጭር ጊዜ ከመቀዝቀዝ የባሰ ይገድላል። የመፈልፈያ ማሽን ያላችሁ ይህንን አትርሱ።

ከማስታቀፉ በፊት ያለው አያያዝም ብዙ ያበላሻል። ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ እንቁላል ዶሮዋ ሳትታቀፈው ፅንሱ ማደግ ይጀምርና መሀል ላይ ይሞታል። ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ቦታ ያኑሩት፤ ከ7 ቀን በላይም አያቆዩት። ከገበያ በባጃጅ ሲንገጫገጭ የመጣ ከሆነ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርገው አንድ ቀን ያሳርፉት። በጮቄ ግርጌ ላላችሁ ደጋዎች ደግሞ፣ ከቆላ የተገዛ እንቁላል እናንተ ዘንድ እንደ አገሩ ላይፈለፈል ይችላል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ፅንሱ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፣ ከእንቁላሉ የሚተነው ውሃም ይበዛል። ከሰፈራችሁ ብታገኙ ይመረጣል።

አሁን ምን ያድርጉ? አራቱን ጫጩቶችና እናታቸውን ዛሬውኑ ወደ ንጹሕ ቅርጫት ያዛውሯቸው። የድሮውን አይጠቡት፣ አያቃጥሉትም፤ ከምንጭና ከወንዝ አርቀው ይቅበሩት። ያልተፈለፈሉትንም ለውሻ አይስጡ፤ አብረው ይቅበሩ። ዶሮዋ ከተዝለፈለፈች ወይም አፏ ከተዝረበረበ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ።

ለቅንቅኑ፣ ዶሮዋ የምታድርበትን ቆጥ በፈላ ውሃ ያጥቡት፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ጭዱን ከማስታቀፍዎ በፊት ይቀይሩ። ግቢው ውስጥ ደረቅ አመድና አሸዋ ቀላቅለው ያስቀምጡላት፤ ራሷ ትንከባለልበታለች።

በሚቀጥለው ዙር በ7ኛው ቀን ማታ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ የስልክዎን መብራት ከእንቁላሉ ወፍራም ጫፍ ላይ ያስጠጉ። ከአንድ ጥቁር ነጥብ ተነስተው እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ ቀይ ደም ሥሮች ካዩ ሕይወት አለው። ቀይ ቀለበት ብቻ ከታየ ፅንሱ ሞቷል። ጥርት ብሎ ካበራ ዘር አልያዘም ወይም ፅንሱ ገና ከመነሻው ሞቷል፤ ያኔ ችግሩን ከአውራ ዶሮው ወይም ከእንቁላሉ መቆየት ይፈልጉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ለነቀዝ ማላታይን የተነሰነሰበትን የበቆሎ ጥራጊ ለምትጥል ዶሮ አይስጡ። እንቁላሎቹንም እንዲህ ያለ በቆሎ ካለበት ጎተራ ያውጡ።