ከዛፍ የወደቀው አይጥ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሰሎሞን ደሴቶች አንድ አይጥ ሞቶ ተገኘና «አዲስ ዝርያ» ተባለ ሲሉ ሰማሁ። በአንድ ሬሳ ብቻ እንዴት ይወሰናል? የመጋዘን አይጥ ወፍሮ እንዳልሆነስ በምን አወቁ?
ሰ.መ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የመጨረሻዋ ጥያቄህ አሳቀችኝ፤ ግን ተገቢ ናት። ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ይሄን የሚያህል አይጥ አየን!» ሲሉኝ፣ «ጅራቱስ?» ነበር የምላቸው። በመጠን መሸወድ ቀላል ነው።

አይጡ የተገኘው ቫንጉኑ በምትባል ደሴት፣ ዛይራ አካባቢ ነው። የዛይራ ሰዎች ዛፍ ላይ የሚኖር ትልቅ አይጥ እንዳለ ድሮም ያውቃሉ፤ ቪካ ይሉታል። አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ታይሮን ላቨሪ ይህን ሰምቶ ለዓመታት ሲፈልገው ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2015 እንጨት ቆራጮች አንድ ዛፍ ሲጥሉ አይጡ አብሮ ወደቀ። ተጎድቶ ነበርና ሞተ።

ርዝመቱ እስከ ጅራቱ ጫፍ 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እሱን እንተወውና ጅራቱን ጠጋ ብለህ እይ። የመጋዘን አይጥ ጅራት ላይ ያሉት ቅርፊቶች ቀለበት እየሠሩ ይደረደራሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠርዝ ይሸፍናል። የቪካ ጅራት ፀጉር የለውም ማለት ይቻላል። ቅርፊቶቹም ሳይደራረቡ እንደ ሞዛይክ ወለል ጎን ለጎን ገጥመዋል። ይሄ ኡሮሚስ የሚባለው ጂነስ (የቅርብ ዘመዳሞች ዝርያዎች ስብስብ) ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። የመጋዘኑ አይጥ ራተስ የሚባል ሌላ ጂነስ ውስጥ ነው። የአንተ ጥርጣሬ እዚችው ጅራት ላይ አበቃ።

ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው። ኡሮሚስ ከሆነ የትኛው? እዚያው ሰሎሞን ደሴቶች ውስጥ፣ ጓዳልካናል ደሴት ላይ እንግሊዛዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኦልድፊልድ ቶማስ በ1888 የሰየማቸው ሁለት ትልልቅ ዘመዶች አሉት፤ ሬክስና ኢምፔራተር። (ቶማስ ራሱ መጀመሪያ ከትንሿ የቤት አይጥ ጋር ሙስ በሚባለው ጂነስ ውስጥ ነበር የከተታቸው።) ከነሱ አንዱ ቢሆን አዲስ ስም ባላስፈለገ። ላቨሪና የሰሎሞን ደሴቶቹ ተወላጅ ሂኩና ጀጅ አጥንቱን ከዘመዶቹ አጥንት ጋር አወዳደሩ፤ ዲኤንኤውንም አስመረመሩ። ከማንም ጋር አልገጠመም። በ2017 ኡሮሚስ ቪካ ብለው አሳወቁ። የዛይራ ሰዎች አይጡን የሚጠሩበት ስም እንዲቆይ መደረጉን እኔ ወድጄዋለሁ።

አንድ ናሙና ይበቃል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ማወዳደሩ በደንብ ከተሠራ። የዝርያ ስም የሚታሰረውም በአንድ ናሙና ነው፤ በኋላ የሚገኘው ሁሉ ከሱ ጋር ይመሳከራል። ካለህበት ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሹ ዓባይ ምንጭ አካባቢ በ1927 የተያዘው ኒሎፔጋሚስ የተባለ የውሃ አይጥም የሚታወቀው በዚያች አንድ ናሙና ብቻ ነው። ኮሎሚስ የሚባለው ጂነስ ውስጥ ይግባ ወይስ ለብቻው ይቁም እየተባለ ሲያከራክር ኖሯል።

ቪካ እንኳ ተሽሎታል። የዛይራ ሰዎች መንገድ እያሳዩ፣ ተመራማሪዎቹ ካሜራና አይጡን የሚስብ የሰሊጥ ዘይት ይዘው ጫካ ገቡና 95 ፎቶ አገኙ። በ2023 የወጣው ጥናት እንደሚለው ፎቶዎቹ ላይ ያሉት አራት አይጦች ናቸው። ያው ጥናት ጫካው እንዲቆረጥ ፈቃድ መሰጠቱንም ጽፏል።