ጥያቄና መልስ፦ የአየር ሁኔታ ራዳር ጉልላት በማማ ላይ ሲተከል

በእንጦጦ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል የምትኖሩ ስለ አየር ሁኔታ ራዳር ተከላ የጠየቃችሁትን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ማማው ጫፍ ላይ የሚታየው ነጭ ድቡልቡል ነገር ራሱ ራዳሩ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ እሱ ጉልላቱ ነው። የሬዲዮ ሞገድ እየላከ ዝናብን የሚያየው ተሽከርካሪ አንቴና ያለው ከጉልላቱ ውስጥ ነው፤ ጉልላቱ ከነፋስ፣ ከዝናብና ከበረዶ ይከልለዋል። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ስለሚመልስ ጉልላቱ ሞገድ ከሚያሳልፈው ከፋይበርግላስ (በመስታወት ክር ከተጠናከረ ፕላስቲክ) ይሠራል።

ጥያቄ፦ ከባዱ ሥራ የቱ ነው?

መልስ፦ በክሬን ማንሳቱ። ጉልላት ከስፋቱ አንጻር ቀላል ስለሆነ ነፋስ እንደ ሸራ ይገፋዋል። ስለዚህ ሥራው ጸጥ ባለ ማለዳ ይጀመር። የነፋስ መለኪያውም ክሬኑ ጫፍ ላይ ይሁን፤ መሬት ላይ ቅጠል ሳይንቀሳቀስ ከላይ ሊነፍስ ይችላል። ገመድ ያዦች ከየአቅጣጫው ወጥረው ይይዙታል፤ የክሬኑን ሠራተኛ የሚያዝዘው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚህ አልደራደርም። ጉልላቱ ሲያርፍ የብሎን ቀዳዳዎቹ አልገጥም ካሉ እንደገና ከፍ አድርጎ ማስተካከል እንጂ በመዶሻ ማስገደድ አይገባም። ፋይበርግላሱ ከተሰነጠቀ ውሃ ያስገባል፤ ውስጡ የረጠበ ግድግዳ ደግሞ ሞገዱን ይውጣል።

ጥያቄ፦ ውሃን ካነሱ አይቀር፣ ክረምት ላይ ከውጭ ሲርስስ?

መልስ፦ የሞገዱ ርዝመት 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ብዙም አይጎዳም። 5 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ጉልላቱ ላይ የተኛው ስስ ውሃ ምልክቱን ያዳክመውና ከባዱ ዝናብ ቀላል መስሎ ይታያል። ውጭው ውሃ የማይዝ ቅብ የሚቀባው ለዚህ ነው። ቅቡን ፀሐይ ትበላዋለች፣ የበጋ አቧራም ይለጠፍበታል፤ ሰኔ ሳይገባ ይታጠብ፣ ይፈተሽ።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ሜዳው ላይ ቢተከል አይቀልም?

መልስ፦ ለግንባታው ይቀላል። ነገር ግን በደቡብ በኩል እንጦጦ ስለሚጋርደው አዲስ አበባን በወጉ አያይም። እንጦጦ አናት ላይ ከሆነ ከተማዋ ወለል ብላ ትታያለች፤ ችግሩ ከፍታው ነው። የራዳሩ ጨረር (አንቴናው የሚልከው ሞገድ) ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቀና ብሎ ቢላክ እንኳ አዳማ ሲደርስ ከመሬት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ በታች የሚሆነው ያመልጠዋል። ቢሆንም እኔ እንጦጦን እመርጣለሁ፤ ጎርፍ ቤት የሚያፈርሰው እዚሁ በከተማዋ ወንዞች ዳር ነውና።

ጥያቄ፦ እናቴ ጨረሩ ያሳምመናል ብላ ትሰጋለች።

መልስ፦ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፦ ዋናው ጨረር ከማማው ወደ አድማስ ይሄዳል እንጂ ወደ ቤታችሁ አይወርድም፤ በአጭር አጭር ምት ስለሚላክም አማካይ ኃይሉ ትንሽ ነው። አደጋው ያለው ለጥገና ወደ ጉልላቱ ለሚገባ ባለሙያ ነው። እሱ ከመውጣቱ በፊት ማሰራጫውና የአንቴናው ሞተር ይጠፋሉ፣ ይቆለፋሉ፤ ቁልፉም እስኪወርድ ድረስ በራሱ ኪስ ይቆያል።