መልስ፦ ታክሲ ውስጥ የሚደገም መቁጠሪያ ዋጋ አለው?

እህቴ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ መቁጠሪያ፣ ማለትም በፍሬ እየተቆጠረ የሚደገመውን የካቶሊኮች የማርያም ጸሎት፣ ስትደግሚ ሐሳብሽ እንደሚበተንና አምስቱን ምስጢር (በየአሥሩ ፍሬ የሚሰላሰለውን የኢየሱስና የእናቱን ሕይወት ክንውን) ሳትጨርሺ እንደምትወርጂ ጽፈሻል። ዋጋ አለው ወይ ላልሽው፣ አዎ አለው። መቁጠሪያ ግን ተቆጥሮ የሚከፈል ዕዳ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1974 እ.ኤ.አ. እንዳስተማሩት፣ ማሰላሰል የሌለበት መቁጠሪያ ነፍስ እንደሌለው ሥጋ ነው። ከንፈር ማርያምን ሰላም ሲል ልብ የልጇን ሕይወት ይከተላል።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ጥድፊያ ነው። 53ቱ «ጸጋን የተሞላሽ» የሚለው የማርያም ሰላምታ ረጋ ተብሎ ሲደገም ወደ 20 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በ10 ደቂቃ ካለቀ ምላስ ብቻ ሮጧል ማለት ነው።

እንዲህ አድርጊ። ትልቁ ፍሬ ላይ ስትደርሺ የምስጢሩን ስም ጥሪና «አባታችን ሆይ» ከማለትሽ በፊት ሁለት ትንፋሽ ያህል ቆም በዪ። ዛሬ ማክሰኞ ወይም ዓርብ ከሆነ ተራው የሐዘን ምስጢር ነው፤ የመጀመሪያው የጌቴሴማኒ ጸሎት። በእያንዳንዱ «ጸጋን የተሞላሽ» መሃል «ኢየሱስ» ስትዪ «ስለ እኛ ደም ያላበው» ብለሽ ጨምሪና «ቅድስት ማርያም» ብለሽ ቀጥዪ። ይህ የቆየ ልማድ ነው፣ ሐሳብንም ይሰበስባል።

ስድስተኛው ፍሬ ላይ «ወራጅ አለ!» ሲባል ልብሽ ቢሄድ እንደገና ከአንድ አትጀምሪ፤ እዚያው «ኢየሱስ» የሚለው ስም ላይ ተመለሺ። ታክሲው ውስጥ አንዱን ምስጢር ብቻ በደንብ ድገሚ፣ አራቱን ማታ ቤት። ግፊያው መቁጠሪያ ካላስወጣሽ አሥር ጣት አለሽ።