ዳማከሴን ለምትንቁም ለምታጋንኑም ልጆቼ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መድኃኒት ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፋርማሲ የምትማሩ ልጆች በዳማከሴ ስትከራከሩ እሰማለሁ። ግማሻችሁ የባልቴት ወሬ ነው ትላላችሁ፤ ግማሻችሁ ከስኳር እስከ ካንሰር ያድናል ብላችሁ በቴሌግራም ትለጥፋላችሁ። አሠራሩን ቁጭ ብሎ ያየ ግን ከሁለታችሁም ወገን ጥቂት ነው።

ምች የመታው ሰው ቤት ግቡና እዩ። እናት ለጋውን ቅጠል ከጓሮ ቀጥፋ አጥባ በመዳፏ አሽታ አሽታ ትጨምቀዋለች። ጥቁር አረንጓዴው ጭማቂ ጠብ ጠብ እያለ ቡናው ሲኒ ውስጥ ይገባል። በተረፈው ግንባሩን ትቀባዋለች፤ እሱም ጋቢ ተከናንቦ ያልበዋል። ልብ በሉ፣ አላፈላችውም። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባውን መድኃኒት አርቴሚሲኒንን ያገኘችው እንዲህ ያለውን ነገር ስላልናቀች ነው። ጥንታዊው የቻይና ጽሑፍ አርቴሚሲያ የሚባለውን ሌላ ቅጠል በውሃ ዘፍዝፈህ ጨምቀው እንጂ አፍላው አይልም ነበር። ሙቀት እንዳይጎዳው ብላ በ1971 እ.ኤ.አ. በትንሽ ሙቀት በሚተን ኤተር በተባለ ፈሳሽ አወጣችው፤ በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ዛሬ የምንሸጠው የወባ ክኒን ኮአርተም የዚያ ቅጠል ልጅ ነው። እናንተም ስንት ቅጠል፣ ለጋ ወይስ ደረቅ፣ ተጨምቆ ወይስ ፈልቶ ብላችሁ ጻፉ። አበባ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል አድርቃችሁ ዝርያው እንዲለይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሐርባሪየም፣ ማለትም ለደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ፣ አሳዩት።

ዳማከሴ የበሶብላ ዘመድ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ኦሲመም ላሚፎሊየም ይባላል። የቅጠሉ ጭማቂ በአይጦች ላይ ተሞክሮ ትኩሳት ሲያበርድ ታይቷል። አይጥ ግን የደጀን ገበሬ አይደለም፤ ከዚያ ተነስቶ ለሰው መጠን መቁረጥ አይቻልም። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ምች ደግሞ ሐኪም ቤት ሄርፐስ የሚሉት ነው፤ ባትነኩትም በሳምንት በአሥር ቀን ይደርቃል። በአምስተኛው ቀን የተቀባ ሰው ምስጋናውን ለቅጠሉ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ቀላል ነው፤ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በጥቅምት ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ የተመለሰን ልጅ ሲያተኩሰው፣ ምች ነው ብለው ሦስት ቀን ጋቢ ያለብሱታል። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት ሦስት ቀን አይታገሥም። ከቆላ የመጣ ሰው ካተኮሰው በዚያው ቀን ጤና ኬላ ወስዳችሁ ጣቱን አስወጉት፤ የፈጣን ምርመራው ውጤት በ20 ደቂቃ ገደማ ይታወቃል። ወባ ካልሆነና ጉንፋን ብጤ ከሆነ ዳማከሴውን በቡና ይጠጣ፤ እኔም እጠጣዋለሁ። ትኩሳቱ ካልለቀቀው ግን መልሳችሁ ውሰዱት።